በገዛ ሕልሙ ላይ ሾፌር

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ስለ በሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ጭጋግን አያውቀውም ማለት ነው። ጭጋግ ጎብኚዎችን ወደ ተራራ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ያወጡለትም ተራራውን ስለሚያውቅ አይደለም። ሲከፋው ፊቱ በአንድ አፍታ ድፍን ይልና ከዚያ ወዲያ የወለደችው እናቱ ብትመጣ እንኳ ምን እንደሚያስብ አይታያትም። ይህ ገደል ያለበትን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ሰው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ ገደል ገባ።

ያስገባችው ደቂቃ ናት። ይህም የቅጽል ስም ነው። ደቂቃ የአስጎብኚ ድርጅቱ ባለቤት ልጅ ስትሆን ጉዞ የምታቅደው እሷ ናት፤ የትኛው እንግዳ መቼ እንደሚነሳ፣ የት ቁርስ እንደሚበላ፣ የትኛው ሾፌር እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። የዘገየን ሾፌር ቃል ሳትናገር በዓይኗ ብቻ እንደ ጨው ታሟሟዋለች። ተራራውን ግን አንድም ቀን ወጥታው አታውቅም። አባቷ «ቢሮው ያለ አንቺ ይፈርሳል» እያሉ አስቀሯት። ተራራውን የምታውቀው በጭጋግ አፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለው፤ ሾፌር እያንዳንዱ ማረፊያ ሲደርስ ቢሮ ደውሎ «ደርሰናል» ማለት አለበት። ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ባለቤቱ፣ «ያልደወለ መኪና ለእኔ ገደል የገባ መኪና ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች «ደርሰናል» ብለው ይዘጋሉ። ጭጋግ ግን አንድ ጠዋት «ደርሰናል፤ ደመናው ከእግራችን በታች ነው» አለ። ደቂቃም «እንዴት ሆኖ ከእግራችሁ በታች?» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሁለቱ ስልክ ቶሎ አይዘጋም። ሁለት ዓመት ሙሉ ገደሉን፣ ፏፏቴውን፣ ሐይቁን በድምፁ ሲያሳያት ኖረ። ፍቅር የሚባለውን ቃል አንዳቸውም አልተነፈሱትም። እሷ የጋሼ ልጅ፣ እሱ የጋሼ ሾፌር፤ ምን ብሎ ይጀምረዋል?

አንድ ነገር ብቻ ሆዱን ይበላዋል። ጎህ ሳይቀድ ሲደውል ደቂቃ የምትመልስለት በሹክሹክታ ነው። ባዶ ቢሮ ውስጥ ሰው ማንን ይፈራል? አንድ ጠዋት ደግሞ ከወዲያ በኩል ወፍራም የወንድ ሳል ሰማ። እሷም ቶሎ ብላ ስልኩን ዘጋች። ያ ሳል ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። እንዳይጠይቃት፣ ምን መብት አለው? እንዳይረሳው ደግሞ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ያን ዕለት ታዲያ ደቂቃ አስጠራችውና ከፊቷ አስቀመጠችው።

«የግል ጉዞ አለ» አለችው፣ እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች። «ሁለት ሰው። በጠዋት ተነስቶ በቀኑ መመለስ። ንጋት ገደል፣ ድልድዩ፣ መጨረሻ ላይ የሐይቁ ማማ።»

«እሱማ የሁልጊዜው ነው።»

«የሁልጊዜውን አልፈልግም። አንተ ብትሆን...» አለችና ዓይኗን ከወረቀቷ አላነሳችም፤ «የምትወዳትን ሴት ይዘህ የምትወጣ ብትሆን፣ እንዴት ታደርገው ነበር?»

ጭጋግ ሳቀ። ቀጥሎም አፉን ከፈተ። ብዙ የማያወራ ሰው አፉን ሲከፍት አያድርስ ነው፤ በሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ሁሉ ዘረገፈው።

«ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ። ከፊት፣ ከአጠገቤ ነው የማስቀምጣት። ብርድ ልብስ ወንበሩ ላይ አኖርላታለሁ። እስኪነጋ አንነጋገርም።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ የምናየውን እንይና ከዚያ እናውራ። ንጋት ገደል ላይ ሰው ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ይጋፋል። እኔ ግን በግራ በኩል ብቻዋን ወደቆመችው ዛፍ ነው የምወስዳት። ሻይ እንጠጣለን፤ በአንድ ኩባያ።»

«ሁለት ሰው በአንድ ኩባያ?»

«እሷ ግማሹን፣ እኔ ግማሹን። ሁለት ኩባያማ ለእንግዳ ነው።» ጭጋግ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን አላቆመም። «ድልድዩ ስለሚወዛወዝ ሁሉም ይፈራዋል። እጇን እይዛለሁ። ሐይቁ ማማ ላይ ደግሞ ከሰዓት ጭጋጉ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ይሮጣል። እኔ አልሮጥም። እዚያው እቆማለሁ።»

«ምን ልታይ?»

«ምንም። ሰው ሁሉ ጠፍቶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ያልተባለውን እላለሁ።»

ደቂቃ አንገቷን ደፍታ ቃል በቃል ትጽፋለች፤ የእስክሪብቶዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጭጋግ «አሁን ቀና ትላለች፤ አሁን ይገባታል» እያለ ጠበቀ።

በሩ ተከፈተና ጋሼ ገቡ። ፊታቸው በርቷል።

«ጨረሳችሁ? ጎሽ! በል መኪናዋን እንደ መስታወት እጠባት፤ የምትጭነው ቀላል ሰው አይደለም። የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ የወዳጄ ልጅ።»

«እሺ ጋሼ። ሁለተኛዋስ እንግዳ?»

«እንግዳ ትላታለህ እንዴ? ይቺው ልጄ ናት እንጂ!» ጋሼ እጃቸውን የልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። «ሰውዬው ልቡ ሸፍቷል። ከእሷ ጋር አንድ ቀን ልዋል አለኝ፤ ፈቀድኩ። ውለው ይመጡና ማታ መልሷን ትነግረኛለች። እሺ ካለች እኔም አረፍኩ ማለት ነው።»

ጭጋግ ክው አለ። አንድ ኩባያ፣ ብቻዋን የቆመችው ዛፍ፣ ጭጋግ ውስጥ የሚባለው ያልተባለ ነገር፤ ሁሉንም በገዛ አፉ፣ በገዛ ፈቃዱ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቶታል።

«የምትለው ነገር አለ?» አለችው ደቂቃ። አሁን ነው ቀና ያለችው። ዓይኖቿ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ፤ ፊቱ ግን ድፍን ብሏል።

«ምንም። መኪናዋን ልጠብ» አለና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንደ ሕፃን ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

*

መኪና ሲታጠብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ መኪና ሲደበደብ ግን አላያችሁም። ጭጋግ የዚያን ቀን የኋላውን ወንበር ጨርቅ ይዞ እንደ ጠላቱ ፈተገው። የጋራዡ መካኒክ፣ ሁሉም ብሎን የሚለው ጎልማሳ፣ ከመኪና ሥር አንገቱን አውጥቶ አየው።

«ወንድሜ፣ ወንበሩ ምን አደረገህ?»

«ቆሻሻ ነው።»

«ቆሻሻውስ ከለቀቀ ቆየ። አሁን የምትፍቀው ስፖንጁን ነው።» ብሎን ጠጋ አለ። «ሰምቻለሁ። የጥርስ ሐኪሙን አውቀዋለሁ፤ መንጋጋዬን የነቀለልኝ እሱ ነው። እጁ ቅቤ ነው፤ ምንም አላመመኝም።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ያምራልም ደግሞ።»

«ብሎን!»

«እሺ፣ እሺ። ግን ምከረኝ ካልክ...»

«አላልኩም።»

«...ንገራት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ አንተ ግን ነቀዝክ።»

ጭጋግ ባልዲውን ደፋና መኪናዋን ዞሮ አያት። እንደ መስታወት ታበራለች። ነገ ደቂቃና ሐኪሙ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚታዩበትን የፊቱን ትንሽ መስታወት ሳይወድ በግዱ ወለወለ። ቅናት ማለት ይህ ከሆነ፣ እስከዛሬ በሳሉ የቀናው ቅናት ጨዋታ ነበር።

*

በማግስቱ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ጋሼ ቤት በር ላይ ቆመ። ሐኪሙ ቀድሞ ደርሷል። ረጅም፣ ትሁት፣ ሲስቅ ጥርሱ በጨለማ የሚታይ ሰው ነው። «እንደምን አደርክ ወንድሜ» ብሎ እጁን ሰጠው። ጭጋግ ጨበጠው፤ የሚጠላበት ነገር ፈለገ፣ አጣ። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደው።

ደቂቃ ወጣች። ቅርጫቱንና ብርድ ልብሱን ይዛለች። በቀጥታ የፊቱን በር ከፈተችና ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ አኖረችው።

ጭጋግ ብርድ ልብሱን አነሳው። «እርስዎ ከኋላ ነው የሚቀመጡት» አላት።

ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ አንቺ ሲላት የኖረ ሰው ነው። ደቂቃ እጇ በሩ ላይ እንዳለ ደረቀች። «ምን አልከኝ?»

«ከኋላ ይመቻል። ከእንግዳዎ ጋር።» የኋላውን በር ከፈተ፤ ብርድ ልብሱንም በገዛ እጁ የሐኪሙ ጉልበት ላይ ዘረጋለት። ከማን አንሼ ያለ ጨዋ ሾፌር!

መንገድ ጀመሩ። ሐኪሙ ጨዋታ ሊያመጣ ሲል ደቂቃ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ አመለከተችው። እስኪነጋ አንነጋገርም። «የእኔን ሕግ!» አለ ጭጋግ በሆዱ፤ ጥርሱን ነከሰ። በመስታወቱ አየት ሲያደርጋት እሷም መስታወቱን እያየች ነበር። ዓይኑን ቶሎ መለሰ። ራሷን እያየች ነው፤ ለሐኪሙ እንድታምር ነው ብሎ ደመደመ።

ያኔ ነው ሳሉ ትዝ ያለው። ያ ወፍራም ሳል! ቀስ ብሎ የኋላውን መስኮት ቁልፍ ተጫነ። የተራራው ብርድ ቢላ ሆኖ ገባ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ትንሽ ጨመረለት። በመጨረሻ ሐኪሙ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ሳለ፤ ቀጭን፣ ይቅርታ የሚጠይቅ የመሰለ ሳል ነው።

ይህ አይደለም። ያኛው ከደረት የሚወጣ ወፍራም ሳል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ጭጋግ ግን መሪውን አጥብቆ ያዘና አሰበ፤ እንግዲህ ሦስተኛ ሰው አለ ማለት ነው።

ንጋት ገደል ሲደርሱ የሰማዩ ጠርዝ መቅላት ጀምሯል። ቢሮ ደውሎ «ደርሰናል» ማለት ነበረበት። አልደወለም። ለማን ይደውላል? «ደመናው ከእግራችን በታች ነው» የሚላት ሴት ይኸው ደመናውን በዓይኗ እያየች ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር። ሁለቱ በግራ በኩል ወደ ዛፏ ሄዱ። ደቂቃ ከቅርጫቱ ኩባያ አወጣች። አንድ ኩባያ። ጭጋግ ከዚያ በላይ ማየት አልቻለም። ዞሮ ምንም ያልሆነውን ጎማ በእግሩ ይረግጥ ጀመር።

ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። «ወንድሜ፣ ጃኬት አልያዝክም እንዴ? እኔ ሁለት አለኝ» ብሎ አንዱን ዘረጋለት።

«አይበርደኝም» አለ ጭጋግ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ራሱን ከተተበት። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው ሐኪም የሌለው ቦታ ነው። ፏፏቴው ያገሳል። በክዳኑ ሥር በኩል አጮልቆ ሲያይ ደቂቃ ድልድዩ አፍ ላይ ቆማለች፤ ቆየች፤ ወደ ኋላ ዞራ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ፏፏቴው ድምፅዋን ዋጠው። ቀጥሎ ድልድዩ ተወዛወዘና የሐኪሙን ክንድ ጨበጠች።

ጭጋግ ክዳኑን ጓ አድርጎ ዘጋው። የጨበጠችው ክንድ የእሱ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን አያጥበውም ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የፏፏቴው ፍንጣሪ ነው ብሎ ራሱን አታለለ።

*

የሐይቁ ማማ ላይ ጭጋጉ እንደ ሁልጊዜው ሳያንኳኳ መጣ። መጀመሪያ ሐይቁ ጠፋ፤ ከዚያ ዛፎቹ፤ ከዚያ ሰው። ጎብኚዎች እየተጯጯሁ ወደየመኪናቸው ሮጡ። ጭጋግ መኪናው አጠገብ ቆሞ ሁለት ሰው ይጠብቃል፤ ሁለቱም አልመጡም።

እንዲመጡማ አይጠበቅም። እቅዱን እሱ አይደል ያወጣው? አሁን ሐኪሙ ያልተባለውን እያለ ነው። እሷም መልሷን እየሰጠች ነው። ማታ እሱ ራሱ እየነዳ፣ እየሳቁ ወደ ጋሼ በር ያደርሳቸዋል።

«አላደርስም!» አለ ጮክ ብሎ። ከመኪናው ርቆ ድንጋይ ለድንጋይ ወደ ላይ ሄደ። ስልኩን አወጣ። ዛሬ ቢሮ ያሉት ጋሼ ናቸው፤ ሌላ ሾፌር ይላኩ፤ ከነገ ጀምሮ ሥራውንም ትቻለሁ ይላቸዋል። የቢሮውን ቁጥር ነካ። ከታች፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስልክ ጮኸ።

«አቤት፣ ቢሮ» አለ ሹክሹክታ።

ጭጋግ የደወለውን ቁጥር አየ፤ የቢሮው ነው።

«ደርሳችኋል?» አለ ድምፅዋ። የሚያውቀው፣ ጎህ ሳይቀድ የሚመልስለት ድምፅ።

«አንቺ... የት ሆነሽ ነው?»

«ሁልጊዜ ያለሁበት። ከስልኩ ወዲህ።»

«የደወልኩት ቢሮ ነው።»

«የቢሮው ስልክ ወደ እኔ ሞባይል ነው የሚዞረው፣ የኔ ጅል። ጎህ ሳይቀድ ቢሮ ተቀምጬ የምጠብቅህ መስሎህ ነው? አልጋዬ ውስጥ ተከናንቤ ነው የማነሳህ። አባዬ ከሰማ 'ስልኩን ለዘበኛው ስጪው' ይለኛል። እኔ ደግሞ ድምፅህን ለዘበኛ አልሰጥም።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ዛሬም ሆን ብዬ ወደ ቢሮው አልመለስኩትም። ከጠዋት ጀምሮ ደርሰናል እንድትለኝ እየጠበቅሁ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልክም።»

«ከእሱ ጋር ነበርሽ!»

«ከአንተ ጋር ነበርኩ!» ሹክሹክታው አለቀና ድምፅዋ ወጣ። በስልኩም በጭጋጉም ሰማው። «አባዬ አንድ ቀን አብረሽው ዋዪ ሲለኝ ለምን እሺ ያልኩ ይመስልሃል? ሾፌሩን እኔ እመርጣለሁ፣ ጉዞውንም እኔ አቅዳለሁ ብዬ ነው። አንተ የምትወዳት ሴት የምታየውን አንድ ቀን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው! ብርድ ልብሱን ከፊት ያኖርኩት ለማን ነበር? አንስተህ ለሰው ጉልበት ሰጠኸው። ሻዩን ግማሽ ጠጥቼ ግማሹን ለማን ነበር የያዝኩት? እጄ ላይ ቀዘቀዘ፤ አንተ ጎማ ትረግጣለህ። ድልድዩ ላይ ዞሬ ጠራሁህ፤ አንተ ሞተር ውስጥ ተወሽቀሃል። እጄን ማን ይይዘኝ? ፈራሁ፤ ያገኘሁትን ክንድ ያዝኩ።»

ጭጋግ ኩምሽሽ አለ። ቀኑን ሙሉ ያየው ሁሉ ተገለባበጠበት።

«ይኸው አሁን ጭጋጉ መጣ» አለች፤ ታለቅሳለች። «ሁሉም ሮጠ። ሐኪሙንም ብቻዬን ተወኝ ብዬ አሁን ላክሁት። እኔ አልሮጥኩም። ያልተባለውን የሚል ሰው እየጠበቅሁ ነው፤ ብርዱ ገደለኝ። አንተ የት ነህ?»

ጭጋግ ሮጠ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀውን ተራራ ዓይኑን ከፍቶ እየተደናቀፈ ወረደው። ግማሽ መንገድ ላይ ከጭጋጉ ውስጥ ከሚወጣ ረጅም ሰው ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረውም፤ «በግራ በኩል ናት» አለው ረጅሙ ሰው፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። ጭጋግ አመሰግናለሁ ማለቱን እንኳ አያስታውስም።

ደቂቃ የማማውን አጥር ይዛ ቆማለች። ስልኩ አሁንም ጆሮዋ ላይ ነው። ጭጋግም ከፊቷ ሲደርስ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም፤ ያለ እሱ አውርቷት አያውቅማ።

«ደርሻለሁ» አላት።

«ዘግይተሃል።»

«እወድሻለሁ። ደመናው ከእግራችን በታች ነው ካልኩሽ ቀን ጀምሮ። ቀንቼ ነበር፤ በሱ ቀናሁ፣ በወንበሩ ቀናሁ፣ በብርድ ልብሱ ቀናሁ። በማላውቀው ሰው ሳይቀር ቀናሁ፤ እሱን አትጠይቂኝ፣ አፍራለሁ።»

ስልኳን አወረደችና ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች። «ይህን በስልክ ብትለኝ ኖሮ እኮ ይህን ሁሉ ብርድ አልመታም ነበር።»

«ጋሼ ያባርሩኛል።»

«ሊያባርርህ ይችላል። ዛሬ ዝም ብለህ ቢሆን ኖሮ ግን የማባርርህ እኔ ነበርኩ፤ ከልቤ።»

እጇን ያዘ። ቀዝቃዛ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ተራራው ሁሉን ነገር ነግሯታል፤ እጅ ስለ መያዝ ግን አንዳችም የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ ገባው።

*

መኪናው ጋ ሲመለሱ ሐኪሙ ከኋላ ተቀምጦ ቀዝቃዛውን ሻይ ይጠጣል። ጭጋግ ምን እንደሚለው ጨነቀው።

«ይቅርታ...» ብሎ ጀመረ።

«ተው ወንድሜ» አለው ሐኪሙ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ አልታየም። «ሥራዬ ጥርስ ማየት ነው፤ ዓይን ማየት ግን አያቅተኝም። ከጠዋት ጀምሮ እሷ የምታየው ያንን ትንሹን መስታወት ነበር። አላመመኝም አልልም። ለሰው ስነቅል ትንሽ ነው የሚያምህ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።» ኩባያውን አስቀመጠ። «አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ስንወርድ መስኮቱን ዝጋልኝ።»

ጭጋግ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጃኬት ስላልያዘ ነው እንጂ በዚያች ሰዓት አውልቆ ይሰጠው ነበር። ደቂቃ ብርድ ልብሱን ከኋላ አነሳች፤ የፊቱን በር ከፈተች፤ ተቀመጠች። የከለከላት የለም።

ሐኪሙን ቤቱ በር ድረስ ሸኝተው ወደ ጋሼ ሰፈር ሲታጠፉ እየመሸ ነበር። የጭጋግ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ ከፈተው።

«ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልክም!» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ያልደወለ መኪና ምን ማለት እንደሆነ እያወቅክ! ልጄን ይዘህ! በር ላይ ቆሜ ቀረሁ እኮ! እንደው ገደል...»

ቀጥሎ ሳሉ። ከደረት የሚወጣ፣ ወፍራም፣ ረጅም ሳል ነው።

ጭጋግ መኪናዋን ዳር አስያዘና ስልኩን አየው። ያ ሳል! እንቅልፍ የነሳው፣ በመስኮት ያደነው፣ ሦስተኛው ሰው!

«አባዬ፣ ብርድ ላይ አትቁም» አለች ደቂቃ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «ሳልህን እያወቅክ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን አልፎ ነው የሚሰማኝ።»

«መልስሽስ?» አሉ ጋሼ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «መልስሽን ሳልሰማ አልገባም።»

«መልሴን ይዤ እየመጣሁ ነው። ከፊት ተቀምጫለሁ።»

ከወዲያ በኩል ስልኩ ተዘጋ።

ጭጋግ የቀናበትን ሰው በመጨረሻ አገኘው። እስከዛሬ ከደቂቃ ጋር ጎህ ሳይቀድ አብሯት ያለውን ሰው ባውቀው ይለይልን ነበር ይል ነበር። አሁን አወቀው፤ የሚፈራውም የሚወደውም ሰው ሆኖ ተገኘ። ልጄ ቀረች ብሎ ብርድ ላይ ሲያስለው የዋለን አባት እንዴት ይጠላል?

«ፈራህ?» አለችው ደቂቃ።

«በጣም።»

«እኔም» አለችና እጁን ብርድ ልብሱ ሥር ያዘችው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው መብራቱ ሥር ቆመዋል። የኋላውን ወንበር አዩ፤ ባዶ ነው። የፊቱን አዩ። ጭጋግ መስኮቱን አወረደ። ቀኑን ሙሉ ያላለውን ቃል አሁን ሳይል ማለፍ አልቻለም።

«ደርሰናል፣ ጋሼ» አለ።

ጋሼ ጠጋ ብለው ፊቱን አዩት። ድፍን አላለም፤ የሚያስበው ሁሉ እዚያ ላይ ይታይ ነበር።